ዓይኑ ከላይ፣ አፉ ከታች፦ የአንባቢያን ጥያቄ ስለ ሬይ አመጋገብ

ሰላም ጎንደሮች፣ ሰላም ሌሎቻችሁም። ባለፈው እትም ስለ ቀይ ባሕር ኮራል ስንጫወት ሰማያዊ ነጠብጣብ ስላለው ሬይ አንድ መስመር ጣል አድርጌ አልፌ ነበር። ጠፍጣፋ፣ ጅራታም፣ ባሕር ዳር ጥልቀት በሌለው ውኃ ውስጥ የሚውል ዓሣ ነው ብዬ። ከዚያ ወዲህ ስለ ኮራሉ የጠየቀኝ ሰው የለም። ሁሉም የጠየቀኝ ስለዚሁ ዓሣ ሆድ ነው። ምን ይበላል፣ በምን ይበላል፣ እኛንስ ይበላል ወይ? ከባሕር ይህን ያህል ርቀን፣ ደጋ ላይ ተቀምጠን እንዲህ መጠየቃችን ደስ ብሎኛል፤ ስለዚህ ዛሬ ገጹን በሙሉ ለሱ ሰጥቼዋለሁ። ዓመቶቹን የጻፍኳቸው በፈረንጅ አቆጣጠር ነው፣ ግራ እንዳትጋቡ።

ጥያቄ፦ «ጋሼ፣ የምጽፍልዎ ከአዘዞ ነው። የእህቴ ልጅ ቲቪ ላይ ሬይ አይቶ "ዓይኑ ጀርባው ላይ ነው፣ አፉ ሆዱ ሥር ነው፣ ታዲያ የሚበላውን እንዴት ያየዋል?" ብሎ አፋጠጠኝ። የምለው ጠፋኝ። እባክዎ ይድረሱልኝ።»

መልስ፦ ልጁ ይባረክ። ብዙ አዋቂ አይቶ የማያስተውለውን ነው ያስተዋለው። መልሱ አጭር ነው፦ አያየውም። ሬይ ምግቡ አፉ ውስጥ ሲገባ አይቶት አያውቅም። መብራት ጠፍቶ ማዕድ ስንቀርብ እጃችን ወጡን ፈልጎ እንደሚያገኘው ማለት ነው፤ ልዩነቱ ለሱ መብራቱ መጥቶ አያውቅም።

ዓይኖቹ ሥራ ፈት ናቸው ማለቴ ግን አይደለም። ዓይኑ የሚጠብቀው እሱ የሚበላውን ሳይሆን እሱን የሚበላውን ነው። መዶሻ ራስ ሻርክና ዶልፊን ከላይ ነው የሚመጡበት። ከዓይኖቹ ጀርባ ደግሞ ሁለት ቀዳዳዎች አሉት፤ በነሱ ውኃ ወደ ውስጥ ይስብና በሆዱ በኩል ባሉት ስንጥቦች ያስወጣዋል። አፉን አሸዋ ውስጥ ቀብሮ የማይታፈነው ለዚህ ነው።

ታዲያ ምግቡን በምን ያገኘዋል ካልክ፣ በማሽተት ያገኘዋል፣ በመዳሰስም ያገኘዋል፣ መጨረሻ ላይ ግን ቁርጡን የሚነግረው ኤሌክትሪክ ነው። ቀልድ አይደለም። ውኃ ውስጥ ያለ ማንኛውም እንስሳ ሲተነፍስና ጡንቻውን ሲያንቀሳቅስ ከሰውነቱ እጅግ ደካማ ኤሌክትሪክ ይወጣል። አሸዋ ሥር ተቀብሮ ጸጥ ቢልም መተንፈሱን አይተውምና ከዚህ ማምለጥ አይችልም። በሬይ አፍ ዙሪያ፣ በታች በኩል፣ ጥቃቅን ቀዳዳዎች አሉ፤ ከእያንዳንዱ ቀዳዳ ወደ ውስጥ የሚገባው ቱቦ በዝልግልግ ነገር የተሞላ ነው፣ እሱ ነው ኤሌክትሪኩን የሚያዳምጠው። ጣሊያናዊው ስቴፋኖ ሎሬንዚኒ በ1678 ስለነዚህ ነገሮች ጽፎ እስከ ዛሬ በስሙ ይጠራሉ። ለምን እንደሚያገለግሉ ግን እሱም አላወቀም፤ ነገሩ እስኪጣራ ወደ ሦስት መቶ ዓመት ገደማ ሄደ።

ያጣራው አድሪያኑስ ካልማይን የሚባል ሆላንዳዊ ነው፤ ሥራውን ያሳተመው በ1971 ነው። በትንንሽ ሻርኮችና በሬይ ላይ ነበር የሠራው፤ ሙከራው እንዲህ ነው። ሕያው ጠፍጣፋ ዓሣ አሸዋ ውስጥ ቀበረ፤ ሻርኩ መጥቶ ቆፈረው። እሺ፣ ይሄ ምናልባት አሽትቶ ይሆናል። ስለዚህ ዓሣውን ከጄሊ በተሠራ ክፍል ውስጥ አስገብቶ ቀበረውና ሽታው በቱቦ ሄዶ ሌላ ቦታ እንዲወጣ አደረገ። ሻርኩ ሽታው ወደወጣበት አልሄደም፣ ዓሣው ወዳለበት ነው የሄደው። ቀጥሎ ክፍሉን ኤሌክትሪክ በማያሳልፍ ስስ ፕላስቲክ ሸፈነው፤ አሁን ሻርኩ ምንም እንደሌለ ሁሉ ከላዩ አለፈ። በመጨረሻ ዓሣውን ጭራሽ አወጣና በቦታው ሁለት ኤሌክትሮድ፣ ማለትም ኤሌክትሪክ የሚለቅ የሽቦ ጫፍ፣ ቀብሮ ያንኑ ደካማ ኤሌክትሪክ ለቀቀባቸው። ዓሣ የለም፣ ሽታ የለም። ሻርኩ መጥቶ ሽቦውን ቆፈረ። እኔ እንደዚህ ጥርት ያለ ሙከራ ብዙ አላውቅም፤ ለልጁ በወረቀት እየሳልክ ብትነግረው ይገባዋል።

ይህ ስሜት የሚሠራው ከቅርብ ብቻ ነው። ከሩቅ ወደ ሰፈሩ የሚያደርሰው ሽታና ልማድ ነው። ልማድ ስል ሰዓት ማለቴ ነው፤ ሰማያዊ ነጠብጣቡ ሬይ የሚበላው በባሕሩ ሰዓት ነው። ባሕር በቀን ሁለት ጊዜ ያህል ይሞላል፣ ይጎድላል። ሲሞላ፣ ቀድሞ ውኃው በጣም ጎድሎበት የነበረው የአሸዋ ሜዳ ውኃ ይለብሳል፤ ሬዮቹም ጥቂት ጥቂት ሆነው ከኮራሉ እየወጡ ወደዚያ ይሰማራሉ። ሲጎድል ተበታትነው ይመለሱና በኮራሉ ስንጥቅና ጥላ ሥር ይገባሉ። ብዙ ጊዜ ሰውነቱ ተደብቆ ሰማያዊ መስመር ያለበት ጅራቱ ብቻ ውጭ ይቀራል፤ ጠላቂዎች የሚያገኙትም በዚያ ነው። ሌሎች ብዙ የሬይ ዓይነቶች አሸዋ ለብሰው ይተኛሉ፣ ይሄኛው ግን እሱን እምብዛም አይወድም።

የሚበላው ምንድን ነው? ትል፣ ሽሪምፕ፣ ሸርጣን፣ ቀንድ አውጣና ባለ ሁለት ክዳን ዛጎል፣ አልፎ አልፎም መሬት ላይ የሚተኛ ትንሽ ዓሣ። ራሱ ትልቅ እንዳይመስልህ። ከክንፍ ጫፍ እስከ ክንፍ ጫፍ ቢበዛ 35 ሳንቲ ሜትር ነው፣ ከነጅራቱ ደግሞ 80 ሳንቲ ሜትር ገደማ ይደርሳል። አያያዙን ልብ በል፦ ሸርጣኑ ያለበትን ሲያውቅ አይነክስም፣ ይተኛበታል። መላ ሰውነቱን ጥሎበት የክንፉን ጠርዝ ዙሪያውን ወደ አሸዋው ይጫናል። መውጫ የለም። ከዚያ ከሥሩ ያለውን ነገር ሰውነቱን እያንሸራተተ፣ በክንፉ እየገፋ ወደ አፉ ያመጣዋል፤ አፉ ጋ ሲደርስ መንጋጋው ወደ ታች ወጣ ብሎ ከነውኃው ይመጠዋል። ይህ ሁሉ ሲሆን ከላይ ያለ ሰው የሚያየው ጠፍጣፋ ነገር ትንሽ ሲርገበገብና አሸዋ ሲቦን ብቻ ነው። አሸዋው በቦነነ ቁጥር የሚመጡ ደግሞ አሉ፤ ጺም ያላቸው ትንንሽ ዓሦች ከኋላው እየተከተሉ እሱ ያስነሳውን ይለቃቅማሉ። ጠላም ድግስም የሌለበት ባሕር ውስጥ ሳይጠሩ የሚመጡ አይጠፉም።

አንድ ነገር ልጨምርና ልለፍ። ይህን ሬይ ለሳይንስ መጀመሪያ የገለጸው ፒተር ፎርስኮል የሚባል፣ የእንስሳትና የዕፅዋትን ሳይንሳዊ ስም አወጣጥ የዘረጋው የስዊድናዊው ሊኔየስ ተማሪ ነው። ከዴንማርክ ተልኮ በ1762 መጨረሻ ከነባልደረቦቹ የመን፣ ሉሐያ ወደብ ደረሰ፤ በ1763 እዚያው የመን ውስጥ በወባ ሞተ፣ ገና 31 ዓመቱ ነበር። ከጓዶቹ በሕይወት አገሩ የተመለሰው ካርስተን ኒቡር ብቻ ነው፤ የፎርስኮልን ማስታወሻ በ1775 ያሳተመውም እሱ ነው። ጎንደሬ ይህን ሲሰማ ሌላ ሰው ትዝ ይለዋል፦ ስኮትላንዳዊው ተጓዥ ጀምስ ብሩስ። እሱም በ1769 በዚያችው በሉሐያ አልፎ፣ ምጽዋ ወርዶ፣ በ1770 መጀመሪያ ጎንደር ገባ። በጥቂት ዓመት ነው የተላለፉት።

ጥያቄ፦ «ማራኪ ግቢ ባዮሎጂ እማራለሁ። ሬይና ሻርክ አጥንት የላቸውም፣ ልም አጥንት ብቻ ነው ያላቸው ተብለናል። ልም አጥንት የጆሯችን ዓይነት ነገር ነው። ታዲያ በዚህ እንዴት ዛጎል ይሰበራል? ለአስተማሪያችን ጥያቄውን ባቀርብ ክፍሉ ሳቀ።»

መልስ፦ የሳቁት ይሳቁ፣ ጥያቄሽ የምር ጥያቄ ነው። ሰዎች ጉዳዬ ብለው ያጠኑትም ነው። አዳም ሰመርስ የተባለ ተመራማሪ በ2000 ባሳተመው ጽሑፍ ላይ ዛጎል ሰባሪ የሆነ የሬይ ዓይነት መንጋጋ ውስጥ ምን እንዳለ አሳይቷል። የሬይና የሻርክ ልም አጥንት የላይኛው ሽፋኑ በካልሲየም ጠጥሯል፤ እንደ ጆሯችን ልል አይደለም። በነዚህ ዛጎል ሰባሪዎች ዘንድ ደግሞ ሽፋኑ ብቻ አይደለም፤ በመንጋጋው ውስጥ ከግድግዳ እስከ ግድግዳ የጠጠሩ ምሰሶዎች ቆመዋል። ሸክሙ የሚያርፈው በነሱ ላይ ነው። አጥንት ሳይኖር የአጥንት ሥራ ተሠራ ማለት ነው።

ጥርሱን በተመለከተ፣ የሻርክ ዓይነት የሾለ ጥርስ አትጠብቂ። ሰማያዊ ነጠብጣቡ ሬይ ከላይም ከታችም ከ15 እስከ 24 ረድፍ የሚሆን ትንንሽ ጥርስ አለው፤ ተጠጋግተው የተደረደሩ ስለሆኑ አንድ የሚፈጭ ሰሌዳ ይሆናሉ። ዛጎል ዋነኛ ቀለባቸው የሆነ የሬይ ዓይነቶች ዘንድ ደግሞ ጥርሶቹ ሰፋፊ ንጣፍ ሆነው እርስ በርስ ተቆላልፈዋል። እነዚህኞቹ ዛጎሉን ሰብረው ስብርባሪውን በአፋቸው ይተፉታል፣ ሥጋውን ይውጣሉ። አፉ ውስጥ ሆኖ ሥጋና ቅርፊት መለየቱ ነው እኔን የሚገርመኝ፣ እኛ በእጃችን እንኳ ዓሣ ከእሾሁ ስንለይ ስንት ጊዜ ይወጋናል።

ሁለት ነገር ልመርቅልሽ፣ ክፍል ውስጥ ብታወሪው የሚስቅ አይኖርም። አንደኛ፣ ሬይ ያኝካል። ማኘክ የአጥቢ እንስሳት ብቻ ነው ሲባል ኖሮ፣ በ2016 የወጣ ጥናት በደቡብ አሜሪካ ወንዞች የሚኖር አንድ ሬይ ጠንካራ ቅርፊት ያለው ነፍሳት ሲበላ መንጋጋውን ወደ ጎን እያንሸራተተ እንደሚያኝክ በቪዲዮ አሳየ። ሁለተኛ፣ በአሜሪካ የአትላንቲክ ዳርቻ የሚኖር አንድ ስቲንግሬይ፣ ማለትም ጅራቱ ላይ መርዛማ እሾህ ያለው ሬይ፣ አለ፤ የወንዱ ጥርስ በመራቢያ ወቅት ይሾልና ወቅቱ ሲያልፍ መልሶ እንደ ሴቷ ጠፍጣፋ ይሆናል። ካጂዩራና ትራይካስ በ1996 ነው ያሳዩት። ሹለቱ ለምግብ አይደለም፣ ሴቷን ነክሶ ለመያዝ ነው። ስለዚህ የእንስሳ ጥርስ አይቶ ወዲያው «ይህን ነው የሚበላው» ማለት አንዳንዴ ያሳስታል።

ጥያቄ፦ «ዓሣ ነጋዴ ነኝ፤ ከጎርጎራ እያመጣሁ ጎንደር አከፋፍላለሁ። ወንድሜ ሜሪላንድ ነው የሚኖረው። እዚያ ሬይ የሚባለው ዓሣ ኦይስተር የሚባለውን የሚበላ ዛጎል ጠራርጎ ጨርሶታል፣ ሰውም በቀስት እየገደለው ነበር አለኝ። እንዲህ ሆዳም ከሆነ ቢገደል ምን ክፋት አለው?»

መልስ፦ ወንድምዎ የነገሩዎት ሆኗል፣ ግን ታሪኩ ግማሽ ላይ ነው የቆመው። እርስዎ የዓሣ ሰው ስለሆኑ ሙሉውን ልንገርዎ፣ ይገባዎታል።

በመጀመሪያ ያ ዓሣ ሌላ ዓይነት ነው። አሜሪካኖች የላም አፍንጫ ይሉታል፤ ግንባሩ ለሁለት የተከፈለ ስለሆነ ነው። በፀደይ ወራት በትልልቅ መንጋ ሆኖ ቼሳፒክ ወደሚባለው ሰርጥ ይገባል፣ መኸር ሲደርስ ወደ ደቡብ ይሄዳል። አመጋገቡ ከሰማያዊ ነጠብጣቡ ይለያል፤ ቁፋሮ ነው። ከታችኛው አሸዋ በላይ ይቆምና ክንፉን ያራግባል፣ በአፉ ውኃ እየሳበና እየተፋ ጭቃውን ያነሳል፣ ከግንባሩ ሥር ባሉት ሁለት ለስላሳ ከንፈር መሰል ነገሮች ዙሪያውን እየዳሰሰ ዛጎሉን ወደ አፉ ያጠጋል። ሲሄድ ጉድጓድ ትቶ ይሄዳል። መንጋው ባለፈበት ሜዳው ሁሉ ጉድጓድ በጉድጓድ ይሆናል፤ ይህን ያየ ዓሣ አጥማጅ «ጨረሰን» ቢል አይፈረድበትም።

ከዚያ በ2007 አንድ ጥናት ወጣ። ራንሰም ማየርስና ባልደረቦቹ ሳይንስ በሚባለው መጽሔት ላይ ያሳተሙት ነው። ነገሩ ሰንሰለት ነበር፦ ሰው ትልልቆቹን ሻርኮች አጥምዶ ጨረሰ፣ ሻርክ ሲያልቅ ሬይ በዛ፣ ሬይ ሲበዛ በሰሜን ካሮላይና የስካሎፕ ዛጎል አለቀ። የሚጥም ታሪክ ነው፣ ለመንገርም ይመቻል። ወዲያው ባሕሩን ለማዳን ሬይ ብሉ የሚል ዘመቻ ተጀመረ፤ ሥጋውን ለገበያ ለማቅረብ ተሞከረ፤ ሜሪላንድ ውስጥ ደግሞ በጀልባ ሆኖ በቀስት የመግደል ውድድር ይካሄድ ነበር።

በ2016 ዲን ግሩብስና ብዙ ተመራማሪዎች ሆነው ሰንሰለቱን አንድ በአንድ መረመሩት፤ አልያያዝ አለ። የላም አፍንጫው ሬይ ሴቷ ለመውለድ የምትደርሰው በሰባት በስምንት ዓመቷ ነው፤ ወደ አንድ ዓመት ገደማ አርግዛ የምትወልደው አብዛኛውን ጊዜ አንድ ብቻ ነው። እንዲህ ዓይነት እንስሳ በጥቂት ዓመት ውስጥ ሊፈላ አይችልም። የዛጎሉ መመናመንም ቢሆን ከሬዩ «መብዛት» ቀድሞ የመጣ ነው። ኦይስተሩን የጨረሰው ከ19ኛው ክፍለ ዘመን ጀምሮ ያለልክ የዛቀው ሰው ነው፣ የቀረውን ደግሞ በ20ኛው ክፍለ ዘመን አጋማሽ የገቡ ሁለት በሽታዎች ጨረሱት። ሆዳቸው ተከፍቶ የታዩ ሬዮችም በብዛት የተገኘባቸው ለገበያ የሚሆን ኦይስተር አይደለም፤ ቅርፊታቸው የሳሳ ትንንሽ ዛጎሎችና ሌሎች የጭቃ ውስጥ እንስሳት ናቸው።

ሬዩ ንጹሕ ነው እያልኩዎት ግን አይደለም። ገና ትንሽ የሆነ ኦይስተር ባሕሩ መሬት ላይ ያለ መከለያ ተዘርቶ ካገኘ ይበላዋል፣ አርቢዎቹም በሳጥን ከልለው የሚያሳድጉት ለዚህ ነው። ትልቁን ግን አይችለውም፤ መንጋጋው ተከፍቶ ሊይዘው የሚችለው መጠን አለው። በ2017 ሜሪላንድ የግድያ ውድድሩን በሕግ አገደች።

እና «ቢገደል ምን ክፋት አለው» ላሉት፣ ክፋቱ እሱ ነው፦ በዓመት አንድ የሚወልድ ዓሣ በአንድ በጋ ከተገደለ ተመልሶ አይሞላም። እርስዎ ይህን ከኔ የበለጠ ያውቁታል። ጣና ላይ ነጭ ዓሣው ሊራባ ወደ ጉማራና ወደ መገጭ ሲወጣ ወንዙ አፍ ላይ መረብ ዘርግቶ የሚጠብቀው ሰው፣ የዛሬውን ገበያ ብቻ ነው የሚያየው። ዓሣው ሲቀንስ ግን ሰበቡ አንዴ እንቦጭ፣ አንዴ ወፍ፣ አንዴ ዝናብ ይሆናል። እንቦጩ ጉዳት የለውም አላልኩም፤ ግን መረቡም አለ።

ጥያቄ፦ «ሹፌር ነኝ፣ ጅቡቲ እመላለሳለሁ። ሙቀቱ ሲብስብኝ ባሕሩ ውስጥ እግሬን እነክራለሁ። ስቲንግሬይ በጅራቱ እየወጋ ነው አሉ የሚያድነው። እውነት ከሆነ ልተወው።»

መልስ፦ አይተውት፣ ግን እግርዎን እያነሱ አይርገጡ። በጅራቱ አያድንም። ጅራቱ ላይ ያለው መርዛማ እሾህ፣ ሰማያዊ ነጠብጣቡ ላይ ብዙ ጊዜ ሁለት ነው፣ ለመከላከያ ብቻ የተሠራ ነው፤ የሚበላው ነገር ከሥሩ ነው ያለው፣ ጅራቱ ከኋላ ነው ያለው፣ እንዴት ብሎ ይገናኛል? ሰው የሚወጋው ሲረገጥ ወይም መውጫ ሲያጣ ነው። አውስትራሊያዊው የእንስሳት ፊልም አቅራቢ ስቲቭ ኧርዊን መስከረም 4 ቀን 2006 በፈረንጅ አቆጣጠር ፊልም ሲቀርጽ በስቲንግሬይ ደረቱን ተወግቶ ሲሞት ዓለም ሁሉ ደነገጠ፤ ደነገጠ የምለው እንዲህ ያለ ሞት እጅግ ብርቅ ስለሆነ ነው። ውኃው ውስጥ ሲሄዱ እግርዎን አሸዋው ላይ እየጎተቱ ይሂዱ፤ ንዝረቱ ሲሰማው ራሱ ይሸሻል። ከወጋዎት ቁስሉን ሳያቃጥል ሊችሉት በሚችሉት ልክ ሙቅ ውኃ ውስጥ ይንከሩት፣ ሕመሙን ያስታግሳል፤ ከዚያ ቀጥታ ሐኪም ቤት። እሾሁ ተሰብሮ ውስጥ ሊቀር ስለሚችል «ይሻለኛል» ብሎ መንዳት አይሆንም። ደረት ወይም ሆድ ላይ ከተሰካ ደግሞ እንዳይነቅሉት፣ እንዳለ ይዞ መሄድ ነው።

ጥያቄ፦ «አራዳ አካባቢ አንደኛ ደረጃ አስተምራለሁ። ሬይ ሁሉ እንዲህ አሸዋ እየጨመቀ ነው የሚበላው?»

መልስ፦ የለም፣ ሁሉም አይደለም። ማንታ ትልቁ ነው፣ ቀይ ባሕርም ውስጥ አለ፤ እሱ አፉን ከፍቶ እየዋኘ በውኃው ውስጥ የሚንሳፈፉትን ጥቃቅን ፍጥረታት በስንጥቡ ያጠልላል። ከግንባሩ ወደ ፊት የወጡት ሁለቱ ቀንድ መሳዮች ውኃውን ወደ አፉ ይመሩለታል፤ እነሱ ከላይ ያወራንለት የላም አፍንጫው ዛጎል ሲዳስስባቸው ከነበሩት ጋር አንድ ናቸው፣ ሥራቸው ነው የተለያየው። ቶርፒዶ የሚባለው ሬይ ደግሞ ኤሌክትሪክ ማዳመጥ ብቻ ሳይሆን ራሱ ያመነጫል፤ ዓሣው ላይ ወድቆበት በኤሌክትሪክ ያደነዝዘውና ይውጠዋል። ለተማሪዎችዎ ቅርብ ምሳሌ ከፈለጉ፣ በናይል ውስጥ የሚኖር ኤሌክትሪክ የሚመታ አምባዛ አለ። የሥጋ ዝምድና የላቸውም፣ መላው ግን አንድ ነው።

ጥያቄ፦ «ጣና ውስጥ ሬይ አለ ወይ? አለ የሚል ሰው ጋር ተወራርጃለሁ።»

መልስ፦ ብርህን ተቀበል፣ የለም። ጨው የሌለበት ውኃ ውስጥ የሚኖሩ የሬይ ዓይነቶች በዓለም ላይ አሉ፣ ደቡብ አሜሪካ ብዙ፣ በምዕራብ አፍሪካም በኒጀርና በቤኑዌ ወንዞች አንድ። ጣና ላይ ግን ከታች የሚመጣን ዓሣ ሁሉ ጢስ ዓባይ ይዘጋበታል፤ ፏፏቴውን ዘሎ የሚወጣ ሬይ የለም። ዛጎል የሚፈጭ ጥርስ ማየት ካማረህ ግን ዓሣ ገበያ ሂድና ነጭ ዓሣ ሲበለት ቆመህ እይ። መንጋጋው ላይ ጣትህን ብታስገባ አንድም ጥርስ የለም። ጥርሱ ያለው ከስንጥቡ ጀርባ፣ ጉሮሮው ውስጥ ነው። በላቹ ጉሮሮውን ከፍቶ ቢያሳይህ፣ ታጥፎ የተቀመጠ አጥንት ላይ በረድፍ ተተክሎ ታየዋለህ። ከጣና ነጭ ዓሣ ዓይነቶች መካከል ስምንቱ ሌላ ዓሣ የሚበሉት በዚያ ጥርስ ነው፤ መንጋጋ ላይ ጥርስ ለሌለው ዘር ይህ እንግዳ ነገር ነው፣ ተመራማሪዎች ከሩቅ አገር ጣና ድረስ የሚመጡትም እሱን ብለው ነው። ቆሮሶውን አትጠይቅ፣ እሱ የራሱ ሌላ ታሪክ አለው።

ጥያቄ፦ «ፒያሳ ካፌ ልከፍት ነው። ትልቅ የዓሣ ገንዳ አስገብቼ ያንን ሰማያዊ ነጠብጣብ ያለውን ባስቀምጥበት ደንበኛ አይስብልኝም? ምን ላብላው?»

መልስ፦ ይስብልዎታል፣ ለአንድ ሳምንት። ሰማያዊ ነጠብጣቡ ሬይ በውበቱ ምክንያት ለገንዳ በብዛት ይጠመዳል፣ ችግሩ ብዙዎቹ ከተያዙ በኋላ ምግብ አይቀበሉም። ልምድ ያላቸው ሰዎች ፊቱ ላይ ሕያው ሽሪምፕ ጥለውለት እንኳ ሳይነካው ከስቶ የሚሞት ብዙ ነው። እስካሁን ካነበቡት ምክንያቱ አይጠፋዎትም፤ የሚሞላና የሚጎድል ባሕር፣ ስፋት ያለው አሸዋ፣ አሸዋው ሥር የተቀበረ ሕያው ነገር የለመደ እንስሳ ነው፤ እርስዎ የሚሰጡት ግን ብርጭቆ ግድግዳና የማኪያቶ ማሽን ድምፅ ነው። ደግሞም ዕድል ቀንቶት ከበላ፣ አብረውት የገቡትን ሸርጣንና ትንንሽ ዓሦች ነው የሚጀምረው። የባሕር ውኃው፣ ጨው ልኬቱ፣ መብራት ሲጠፋ የሚቆመው ፓምፕ፣ ጽዳት ሲያደርግ የሚወጋው አስተናጋጅ፣ ይህን ሁሉ ሳልቆጥር ነው። ገንዳው ካማረዎት ጎልድፊሽ ያስገቡ፤ የሰጡትን ይበላል፣ ምግቡም በፓኬት ይሸጣል። ብቻ ደንበኞች ኬክ እንዳይጥሉበት ማስታወቂያ ይለጥፉ።